ያልተከፈተው አረር፦ በኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት የተመረመረ የአንድ አደን ጉዳይ

አጎቴ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከባቲ በሚመጣው ሚኒባስ ኮምቦልቻ ወረዱና ቤታቸው ሳይደርሱ በቀጥታ ወደ ቶርኖ ቤቴ መጡ። የቆላው አቧራ ገና ቅንድባቸው ላይ ነበር። ከሸሚዛቸው የደረት ኪስ የተጣጠፈ ወረቀት አውጥተው ሞርሳው አጠገብ ፈቱት። ሁለት የመዳብ አረሮች ነበሩ። አንዱ አራት ቅጠል ወደ ኋላ ተገልብጦ እንደ አበባ ተከፍቷል። ሌላው አፍንጫው ትንሽ ከመቧጨሩና ቀዳዳው በአፈር ከመደፈኑ በቀር ከፋብሪካ እንደ ወጣ ነው።

«ሁለቱም ከአንድ ካርቶን የወጡ፣ ከአንድ ጠብመንጃ የተተኮሱ፣ አንድ እንስሳ የመቱ ናቸው» አሉኝ። «ይኸኛው ባለመከፈቱ እንስሳው አራት ሰዓት ተሠቃየ። አንተ የብረት ሰው ነህ፤ ምክንያቱን ፈልገህ ንገረኝ።»

አጎቴ ግማሽ ዕድሜያቸውን በዱር እንስሳት ስካውትነት ያሳለፉ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ደግሞ ፈቃድ ይዘው ለሚመጡ የውጭ አገር አዳኞች ዱካ የሚከተሉ ሰው ናቸው። ስለ ጠብመንጃ ብዙ አይናገሩም፤ ስለ እንስሳ ግን ዝም አይሉም። በዚያ ቀን ድምፃቸው ውስጥ የሰማሁት ቁጣ ሳይሆን ኀፍረት ነበር። አዳኙ ከመተኮሱ በፊት ዞሮ ያየው የእርሳቸውን ፊት ነውና፣ ራሳቸውን ነቅንቀው የፈቀዱትም እርሳቸው ናቸው።

እኔ አዳኝ አይደለሁም። ቶርኖ ላይ መዳብና ብረት ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጉዳዩን የመረመርኩት በማውቀው መንገድ ነው፤ ለክቼ፣ መዝኜ፣ ያየ ሰው ጠይቄ።

በቆላው የሆነው

ቦታው ከባቲ ቁልቁል ወርደው የሚገኝ፣ በአፋር ቆላ ውስጥ ቁጥጥር የሚደረግበት የአደን ቀበሌ ነው። ፈቃዱ የተሰጠው ለአንድ ተባዕት አምባራይሌ ነበር። አምባራይሌ ከአጋዘን የሚያንስ፣ ጎኑ ላይ ነጫጭ ሰንበር ያለው፣ የተጠማዘዘውን ቀንድ ተባዕቱ ብቻ የሚያበቅል እንስሳ ነው። ጎልማሳው 100 ኪሎ ግራም አካባቢ ይመዝናል። ደረቱ ጠባብ ነው፤ ከጎን ወደ ጎን ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ነው። ይህ ጠባብነት በኋላ ትልቅ ድርሻ ይኖረዋል።

አዳኙ ከአሜሪካ ካሊፎርኒያ የመጣ ሰው ነው። ጠብመንጃው ባለ 308 ዊንቸስተር፣ አረሩ 10.7 ግራም የሚመዝን፣ እርሳስ የሌለበት ሙሉ መዳብ፣ አፍንጫው ላይ ቀዳዳ ያለው። ሦስት ቀን የተከተሉት እንስሳ በአራተኛው ቀን ጠዋት ከደረቅ ወንዝ ማዶ፣ ከአንድ ግራር ሥር ጎኑን ሰጥቶ ቆመ። የርቀት መለኪያው 430 ሜትር አሳየ። ከዚያ በላይ ለመጠጋት የሚያስጠጋ ቁጥቋጦ አልነበረም። አዳኙ በዚያ ርቀት ዒላማ መምታት የለመደ፣ መነጽሩንም ለዚያ ርቀት ማስተካከል የሚያውቅ ሰው ነው። አጎቴ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ትመታዋለህ?» «አዎ» አላቸው።

መታውም። አጎቴ ይህን ደጋግመው ነግረውኛል፤ ተኩሱ አልሳተም። ጥይቱ ከጮኸ በኋላ ሁለት ሰከንድ ሊሞላ ሲል የምቱ ድምፅ፣ እርጥብ ቆዳ በመዳፍ እንደ መምታት ያለ፣ ተመልሶ ጆሯቸው ደረሰ። ሒሳቡም ይህንኑ ይላል። አረሩ 430 ሜትር ለመጓዝ ከግማሽ ሰከንድ ትንሽ ይበልጥበታል፤ የምቱ ድምፅ ያንኑ መንገድ ለመመለስ ደግሞ አንድ ሰከንድ ከሩብ ያህል ይወስድበታል። እንስሳው አንዴ ዘለለ፣ ዞረ፣ ወደ ቁጥቋጦው ገብቶ ጠፋ።

በቆመበት ቦታ ጥቂት የተቆረጠ ፀጉር እንጂ ደም አልነበረም። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል በኮቴው ብቻ ተከተሉት። ከዚያ በኋላ በአንድ የሣር ሰበዝ ላይ የአዝራር ያህል ስፋት ያለው፣ አረፋ የያዘ ሮዝ ደም ተገኘ። አረፋ ያለው ደም ከሳንባ ነው የሚመጣው። አጎቴ ይህን ሲያዩ ግራ ተጋቡ። ሳንባው የተመታ እንስሳ መቶ ወይም ሁለት መቶ ሜትር ሮጦ ይወድቃል እንጂ ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ አይሄድም። ይህኛው ግን ሄደ። እየተኛ፣ ሲደርሱበት እየተነሣ፣ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ወሰዳቸው። የተኛባቸውን ቦታዎች ሲቆጥሩ አምስት ነበሩ። አጎቴ አምስቱንም በእጃቸው ዳበሷቸው፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ያለው ደም ከአንድ ስኒ አይበልጥም ነበር።

በመጨረሻ ፊቱን ወደ እነርሱ መልሶ 120 ሜትር ላይ ቆመ። ሁለተኛው ጥይት ደረቱ መሐል ገባ፤ እንስሳው ከቆመበት ቦታ አንድ እርምጃ ሳይራመድ ወደቀ። የአደኑ ሥጋ ለአካባቢው ሰው የሚሰጥ ነውና አጎቴ ነፍሱ ሳትወጣ ለመድረስ ቢላዋቸውን ይዘው ሮጡ፤ ቢስሚላህ ብለው አረዱት።

ሲበለት ሁለቱ ጥይቶች የሠሩት ሥራ ጎን ለጎን ታየ። የመጀመሪያው በጎድንና በጎድን መካከል ገብቶ፣ የሁለቱን ሳንባ የላይኛውን የኋላ ክፍል በስቶ፣ በማዶም በጎድን መካከል ወጥቷል። የገባበትና የወጣበት ቀዳዳ አንድ ልክ ነበር። አጎቴ ትንሿን ጣታቸውን ሊያስገቡ ሞክረው አልገባችም። የሁለተኛው መንገድ ግን ቡጢ የሚያስገባ ሆኖ የደም ሥሮቹን ቆራርጧል፤ አረሩም ዳሌው አጠገብ ከቆዳው ሥር ተገኘ።

አጎቴ ሌላው ሰው የማያደርገውን ያደረጉት ከዚህ በኋላ ነው። እንስሳው መጀመሪያ ወደ ቆመበት ግራር ተመልሰው፣ ተኳሹ ከነበረበት በኩል በዓይናቸው መስመር ይዘው፣ ከግራሩ ኋላ አንድ ኩይሳ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አገኙ። በቢላዋ ቆፍረው ያልተከፈተውን አረር ያወጡት ከዚያ ነው።

በሞርሳው ላይ

የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ ኩይሳው ላይ ነበር። ምናልባት አረሩ በእንስሳው ውስጥ ተከፍቶ ይሆን? ወይስ የተገኘው አረር የዚያ ተኩስ አይደለም? ስለዚህ ምንም ከመንካቴ በፊት በማጉያ መነጽር የአፍንጫውን ቀዳዳ አየሁ። አፉ ላይ የተጠቀጠቀው የኩይሳ ቀይ አፈር ነው። አፈሩን በመርፌ ጫፍ ጥቂት በጥቂት አወጣሁት። ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ከወረድኩ በኋላ አፈሩ አለቀና የጠቆረ፣ የደረቀ፣ እንደ ሙጫ የተጣበቀ ነገር መጣ። በውስጡ ሦስት አጫጭር ግራጫ ፀጉሮች ነበሩ።

ይህ ቅደም ተከተል ለእኔ ከማንኛውም ምስክር ይበልጣል። ሥጋና ፀጉር ከታች፣ አፈር ከላይ። ይህ ማለት አረሩ በእንስሳው ውስጥ ሲያልፍ ቀዳዳው በፀጉርና በሥጋ ተሞላ፣ ግን አልተከፈተም፤ ኩይሳው ላይ ሲደርስ ገና ቀዳዳ ነበረውና አፈሩ ከላይ ገባበት ማለት ነው። ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ አፈር የሚገባበት ጉድጓድ አይኖርም ነበር። አጎቴ ፀጉሮቹን ሲያዩ ብዙ ዝም አሉ።

ሁለተኛው ጥርጣሬ የፋብሪካ ጉድለት ነው። ቀዳዳው ጥልቀቱ ያነሰ እንደ ሆነ በቀጭን የትራፓኖ ጫፍ ለካሁ፤ ጠማማነት የለውም፣ በውስጡ ቅጠሎቹ እንዲከፈሉባቸው የተሰመሩት አራት መስመሮችም በግልጽ ይታያሉ። በካሊፐር ስለካው ውፍረቱ 7.8 ሚሊ ሜትር፣ የተከፈተው ደግሞ ከቅጠል ጫፍ እስከ ቅጠል ጫፍ 14 ሚሊ ሜትር ነው። ለክብደቱ ደሴ ወጣሁ። በሐረጎ መንገድ የሚወጣ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ኮምቦልቻን በሸሚዝ ለቆ ደሴ ላይ ኮት መፈለግ አለ። አንድ የማውቀው ወርቅ ሠሪ በወርቅ ሚዛኑ ላይ አስቀመጣቸው። ያልተከፈተው 10.7 ግራም፣ የተከፈተው 10.6። ሁለቱም ከአካላቸው ምንም ያህል አላጡም። አረሩ ጤነኛ ነው።

እንግዲህ የቀረው ፍጥነት ነው።

ለምን አልተከፈተም

አፍንጫው ቀዳዳ የሆነ አረር የሚከፈተው በመጋጨት ብቻ አይደለም። የእንስሳ አካል አብዛኛው ውኃ ነው። አረሩ ሲገባ ያ እርጥብ ሥጋ ወደ ቀዳዳው በኃይል ይጨመቃል፤ የሚሄድበት ሲያጣ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋል። ግድግዳው ከተሸነፈ በተሰመሩት መስመሮች ተከፍሎ ቅጠል ያወጣል። ካልተሸነፈ አረሩ እንደ ምስማር ያልፋል። ይህን ለመወሰን ያለው ጊዜ ደግሞ እጅግ ትንሽ ነው፤ በአምባራይሌ ደረት ውስጥ አረሩ የቆየው ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ግማሽ ቢሆን ነው።

የሚገፋው ግፊት በፍጥነቱ ልክ አይደለም የሚያድገው፤ በፍጥነቱ ካሬ ነው። የጉዳዩ ቁልፍ ይህ ነው። ጥይቱ ከአፈሙዝ ሲወጣ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው 823 ሜትር በሰከንድ ነበር። ይህ ግን 61 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው አፈሙዝ የተለካ ነው፤ የአዳኙ ጠብመንጃ አፈሙዝ 51 ሴንቲ ሜትር ነበር። ባሩዱ የሚገፋበት ርቀት ሲያጥር ፍጥነቱ ይቀንሳልና ወደ 795 ወርዷል ብዬ አሰላሁ። ከዚያ በአየር መቋቋም እየቀነሰ 120 ሜትር ላይ ወደ 720፣ 430 ሜትር ላይ ወደ 550 ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ፍጥነቱ በሩብ ገደማ ነው የቀነሰው። ግፊቱ ግን በ40 በመቶ ወርዷል።

አምራቾች ለዚህ ዓይነቱ የመዳብ አረር ለመከፈት ያስፈልገዋል የሚሉት ፍጥነት እንደ ሥሪቱ ከ550 እስከ 610 ሜትር በሰከንድ ነው። የአዳኙ አረር ጫፉ ላይ የፕላስቲክ ሾጣጣ የሌለው፣ ቀዳዳውም ጠባብ የሆነው የቀድሞው ሥሪት ነው፤ እንዲህ ያለው በላይኛው ቁጥር በኩል ይቆማል። እንግዲህ እንስሳው ላይ የደረሰው በድንበሩ ጠርዝ ወይም ከድንበሩ ወዲህ ሆኖ ነው። በዚያ ላይ ዕድል አላገዘም። ጎድን ቢመታ አጥንቱ አፍንጫውን ሊጀምርለት ይችል ነበር፤ እርሱ ግን በሁለቱም ጎን በጎድን መካከል አለፈ፣ ያገኘው ቆዳና አየር የሞላው ሳንባ ብቻ ነው። ሳንባ ደግሞ ከሥጋ ሁሉ የቀለለ፣ ለአረር እምብዛም የማይከብድ አካል ነው።

ስለ አየሩ አንድ ነገር ልጨምር። የካርቶኑ ሠንጠረዥ የተሠራው ለባሕር ጠለልና ለ15 ዲግሪ ሙቀት ነው። ከባሕር ጠለል ከፍ ባለውና በሚያቃጥለው የአፋር ቆላ አየሩ ከዚያ 15 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደሴ ደግሞ ሩብ ያህል። የሳሳ አየር አረሩን ብዙ አያዘገየውም። ስለዚህ የአፈሙዙ ማጠር የወሰደውን ፍጥነት የአየሩ መሳሳት መልሶታል። አዳኙ ሁለቱንም ሳያሰላ ወደ ትክክለኛው ቁጥር ቀርቦ ነበር፤ የተሳሳተው ቁጥሩ በቂ መሆኑን አለመጠየቁ ላይ ነው። መነጽሩ አረሩ በ430 ሜትር ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚወርድ ነግሮታል። በስንት ፍጥነት እንደሚደርስ አልነገረውም።

አቅሙን በጁል ብናሰላው 430 ሜትር ላይ 1,600 ጁል ያህል ነበረው። ይህ ለአንድ አምባራይሌ ከበቂ በላይ ነው የሚሉ አሉ። ያ አቅም ግን ከእንስሳው ውስጥ አልቀረም፤ አብዛኛው ኩይሳው ውስጥ ነው የገባው። ሥራ የሠራው የቀዳዳው ስፋት ነው። የ7.8 ሚሊ ሜትር ክብ ስፋቱ 48 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ የ14 ሚሊ ሜትር ክብ 154። ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። አምስቱ የደም ስኒዎች እዚህ ቁጥር ውስጥ ናቸው።

እርሳስ ይሻል ነበር?

አጎቴ የመጀመሪያ ሐሳባቸው ይህ ነበር። «ለምን ወደ ድሮው እርሳስ አይመለሱም? እርሳስ ይለሰልሳል።» እኔም ለአንድ ሳምንት በዚሁ ሐሳብ ቆይቼ መዳቡን ወንጅዬ ነበር። እውነት ነው፤ እርሳስ ከመዳብ ይለሰልሳል፣ ለሩቅ ተኩስ ተብለው ከሚሠሩት ባለ እርሳስ አረሮች አንዳንዶቹ 400 ሜትር በሰከንድ ላይ እንኳ ይከፈታሉ። ነገር ግን ለስላሳው አረር በቅርብ ርቀት በከፍተኛ ፍጥነት ሲመታ ይበታተናል። ጥቃቅን የእርሳስ ፍንጣሪዎች ከቁስሉ ርቀው ሥጋው ውስጥ ይገባሉ፤ ሥጋውን የሚበላው የመንደሩ ሰውና ልጁ ነው። ሆድ ዕቃውን የሚበላው ደግሞ ጥንብ አንሣ ነው። ጥንብ አንሣ የሚውጠው የእርሳስ ፍንጣሪ በጨጓራው ይሟሟና ይመርዘዋል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደንን ሙሉ በሙሉ የከለከለችው በኮንዶር አሞሮቿ ላይ በደረሰው እንዲህ ያለ ጉዳት ነው። ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው መዳቡ ይቅር አንበል፤ ርቀቱ ይቅር» አሉ። እኔም ከዚያ የተሻለ አነጋገር አላገኘሁም።

ቶርኖ ቤቱ ውስጥ ነገሩን የሚያዳምጡ ሁለት ደንበኞች ነበሩ። አንደኛው «ጥይት ጥይት ነው፤ ክላሽ በሦስት መቶ ሜትር ሰው ይጥል የለም ወይ?» አለ። ብዙ ሰው እንዲህ ስለሚያስብ መልሱ እዚህ ቢጻፍ ደግ ነው። የክላሽ አረር የተሠራው እንዳይከፈት ተደርጎ ነው። በሔግ እ.ኤ.አ. በ1899 የወጣው የመንግሥታት መግለጫ በሰው አካል ውስጥ የሚከፈት አረር በጦርነት እንዳይተኮስ ከልክሏል፤ መነሻውም በካልካታ አቅራቢያ በዱምዱም የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የተሠራው ለስላሳ አፍንጫ ያለው ጥይት ነበር። ስለዚህ የወታደር አረር እስከ አፍንጫው በጠንካራ ብረት ይሸፈናል። ለአደን የተፈለገው ተቃራኒው ነው፤ እንስሳው ቶሎ እንዲሞት አረሩ መከፈት አለበት። በክላሽ የተመታ ጅብ ወይም ከርከሮ ሮጦ ጠፍቶ በሦስተኛው ቀን በሬሳው ሽታ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ሌላኛው ደንበኛ፣ ሸበቶ የሆኑት፣ አያታቸው ሰናድር የሚባለው የድሮ ጠብመንጃ እንደ ነበራቸውና ያን የመታው ከቶ እንደማይነሣ ተናገሩ። ልክ ናቸው። ሰናድር ወሎ ውስጥ የታወቀው ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሥር፣ አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ እንግሊዞች ይዘውት በመጡ ጊዜ ነው። አረሩ ለስላሳ እርሳስ፣ ውፍረቱ 14.7 ሚሊ ሜትር። የዛሬው መዳብ ተከፍቶ የሚደርስበትን ስፋት ሰናድር ከአፈሙዝ ሲወጣ ጀምሮ ይዞት ነበር። ቀርፋፋ ነው፣ ሩቅ አይሄድም፣ ግን መከፈት አያስፈልገውም ነበር። የዘመኑ ጥይት ቀጥኖ ፈጠነ፤ በፍጥነቱም መክፈቻውን አገኘ። ፍጥነቱን ሲጨርስ የሚቀረው ቀጭን ምስማር ነው።

ወረቀቱ

ለአጎቴ የሠራሁት ነገር ትንሽ ነው። በመዳፍ ልክ ካርቶን ላይ አንድ ሠንጠረዥ ጻፍኩ፤ ለዚያ አረርና ለዚያ የአፈሙዝ ርዝመት፦ 100 ሜትር ላይ 734፣ 200 ላይ 674፣ 300 ላይ 618፣ 400 ላይ 565 ሜትር በሰከንድ። ከ300 ቀጥሎ በቀይ እስክሪብቶ መስመር አሰመርኩ። ከጀርባው ለሌሎች ጠብመንጃዎች የሚሆኑ ሦስት ጥያቄዎች አሉ፤ አረርህ ለመከፈት ስንት ፍጥነት ይፈልጋል፣ አፈሙዝህ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከአፈሙዝ የሚወጣበት ፍጥነት በመሣሪያ ተለክቷል ወይስ ከካርቶን ተነቧል። አጎቴ እነዚህን ጥያቄዎች በሰፈሩ የመጀመሪያ ምሽት፣ ጠብመንጃው ገና ከሣጥኑ ሳይወጣ፣ በአስተርጓሚ ይጠይቃሉ። አንድ አዳኝ በጥያቄው ተቆጥቶባቸው እንደ ነበር ነግረውኛል። እርሳቸው ግን ከኪሳቸው ያልተከፈተውን አረር አውጥተው መዳፉ ላይ አስቀመጡለት፤ ሰውዬው ገለባብጦ አይቶት መልሶ ሰጣቸውና የጥይት ካርቶኑን ሊያመጣ ተነሣ።

ዘንድሮ ጥር ላይ ከቆላ ስልክ ደወሉልኝ። ሌላ አዳኝ፣ ሌላ አምባራይሌ። መጀመሪያ የታየው 390 ሜትር ላይ ነበር፤ አጎቴ የጠብመንጃውን አፈሙዝ በእጃቸው ወደ ታች ዝቅ አደረጉት። በደረቁ ወንዝ ውስጥ ለውስጥ ተጎንብሰው አንድ ሰዓት ከሩብ ሄዱ።

«ስንት ላይ ተኮሰ፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«መቶ ሰማንያ።»

«ስንት ሄደ?»

«ቆጥሬዋለሁ፤ አሥራ አራት እርምጃ። ቢላዋዬን ይዤ ስደርስ ዓይኑ ገና ያይ ነበር።»